ዘጠኝ ሰው፣ ሬሳውን ጨምሮ

በጦሳ ገደል ሰፈር ሰው የሚነቃው በአዛን ወይም በደወል አይደለም፤ በቁጥር ነው። ጎህ ሲቀድ ግድግዳው ጉሮሮውን ይጠርግና በዚያ ማር በተቀባ የሴት ድምፅ ይጀምራል።

«የወይዘሮ ሽታዬ በረንዳ፣ ሁለት ሰው። የወይዘሮ ሽታዬ ጓዳ፣ አንድ ሰው ከነዕቃው። መተላለፊያ ድልድይ፣ ለዛሬ ዘጠኝ ሰው። መሮጥ፣ መዝለልና እስክስታ አይፈቀድም። መልካም ቀን።»

ሽታዬ እኔ ነኝ። ጓዳዬ አንድ ሰው ከነዕቃው ይችላል ማለት፣ ትልቁን ድስት ካወረድኩ ድመቷን አስወጣለሁ ማለት ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰው ስልኩን በእጁ ይዞ የሚዞርበት ዘመን ነበር፤ ሲገናኝም «እንደምን አደርሽ» ይባባል ነበር። ዛሬ ሰላምታው «ስንት ኪሎ ነሽ?» ሆኗል። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ክብደቱን ይልካል። ሰርግ የተጠራ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይጾማል፤ ለእግዜር አይደለም፣ ለወለሉ ነው። ድሮ አማች ሲመረጥ ዘር ይቆጠር ነበር፤ አሁን ወገብ ይለካል። እስክስታውም ወንበር ላይ ቁጭ ተብሎ ነው፤ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ተደርድረው ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጡ ላያቸው፣ ወባ የያዛቸው እንጂ ደስ ያላቸው አይመስሉም።

እንዴት ገደል ላይ እንደተሰቀልን ልንገራችሁ። ሜዳው ለማሽኖቹ ተሰጠ። ትንበያ የሚሠሩት ማሽኖች የማይነቃነቅ መሬት ይፈልጋሉ ተባለ፤ ትንሽ ከተነቃነቁ ይሳሳታሉ አሉ። ስለዚህ እነሱ ደልዳላው ላይ ተቀመጡ፣ እኛ ገደሉ ላይ ተሰቀልን። አሁን እነሱ ከታች ሆነው እኛ መቼ እንደምንወድቅ ይተነብያሉ። ሥራ ካልጠፋ!

ቤቱም ድልድዩም የተሠራው ከድርብርብ ነው። የትንበያ ቢሮው ረጅም ስም ሰጥቶታል፣ እኛ ድርብርብ እንለዋለን። ክሩ በሙጫ ይነከርና አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ እየተጋደመ ይደርቃል። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ምስጥ አይበላውም። ነገሩ የሚበላሸው መጋጠሚያው ላይ ነው። አንዱን ሰሌዳ ከሌላው የሚይዘው ብሎን ነው፤ ብሎን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ቀዳዳ ደግሞ ክሩን ይቆርጣል። ይህን የነገረኝ ከላዬ ትኖር የነበረችው የሞሚና ልጅ፣ ጅብሪል ነው። እሱ ይህንኑ ተምሮ ዶክተር ሆኖ ታች ሜዳው ላይ፣ ትንበያ ቢሮ ይሠራል። አንድ ቀን እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ በረንዳዬ ላይ አረፍ ብሎ ነበር።

«ብሎኑ አይደለም የሚሞተው እማማ፣ ቀዳዳው ነው» አለኝ። «በሦስት መንገድ ይሄዳል። ወይ ቀዳዳው ዙሪያው እየተፈጨ ይሰፋል፤ ይሄኛው ያስጠነቅቃል፣ ይነጫነጫል። ወይ ብሎኑ እስከ ጠርዙ ያለውን ሸልቅቆ ይወጣል። ወይ ሰሌዳው ለሁለት ይቀደዳል። እነዚህ የኋለኞቹ ሁለቱ አይናገሩም።»

«እንደ ባል ነዋ» አልኩት። «ነጭናጫው ይቆያል፤ ዝም ያለው ነው አንድ ቀን ጥሎሽ የሚሄደው።»

ልጁ ሲስቅ እናቱ ከላይ ሰማችን። «ልጄን አታበላሺው፣ አንቺ ምላሳም!» ብላ የልብስ እጣቢዋን ደፋችብኝ። ከተሰቀልንበት ቀን ጀምሮ ያ እጣቢ እንደ ክረምት ዝናብ ጊዜውን ጠብቆ ይወርድብኝ ነበር። እኔም ከታች ሆኜ በርበሬ ስቆላ መስኮቷ ስር ምጣዴን አስጠጋ ነበር። ሞሚናን እወዳት ነበር ብዬ አልዋሽም።

ሐሙስ ንጋት ሞሚና ሞተች። ጥሩምባው ተነፋ።

የኛ ቅሬ፣ የቀብር ማኅበራችን፣ እስላም ክርስቲያን አይልም። ጥሩምባ ሲነፋ ይወጣል። ያልወጣ ሰው በራሱ ቀን ቃሬዛውን የሚሸከምለት አያገኝም፤ ሕጉ ይኸው ነው፣ ከዚህ የረዘመ ሕግ አናውቅም። ሞሚና ደግሞ የማንንም ቀብር ቀርታ አታውቅም። ተራዋ ባልሆነ ቀን እንኳ የድልድዩ በር ላይ ቆማ፣ ከተፈቀደላቸው ሰዎች አንዱን ለምና ወይም ሰድባ ቦታውን ትቀማ ነበር። የድልድዩ ቁጥር ድሮ ሦስት መቶ ነበር። ባሌን ስቀብር ስልሳ ደርሶ ነበር። ቁጥሩ በየዓመቱ እየሟሸሸ ዘጠኝ ገባ፤ በቀን ዘጠኝ ሰው። ከዚያ በኋላ ቀዳዳዎቹ እንዲያርፉ በሩ እስከ ነገ ይዘጋል። ዱቄቱና ሽንኩርቱ በሚበር ሣጥን ይመጣልናል፤ እኛ ግን አንበርምና በወር አንዴ ተራችን ሲደርስ እንወርዳለን።

ሞሚና ታማ በተኛች ጊዜ ልጇን፣ የቅሬያችንን ዳኛ አያ እንድሪስንና እኔን ፊት አስቁማ ተናዝዛ ነበር። «በዘጠኝ ሰው አልቀበርም። ሰፈሩ ሁሉ የሚሸኘኝ ካልሆነ እዚሁ ገደሉ ላይ ተዉኝ፣ አሞራ ይብላኝ» አለች። አያ እንድሪስ «እንሸኝሻለን፣ አብሽሪ» አላት። ቃሉን ሰጠ። ዳኛ ሆኖ ሳለ ሳያስብ መናገር ልማዱ ነው።

እናም ታጠበች፣ ተከፈነች፣ ቃሬዛው ላይ ተደረገች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈር መልበስ አለባት። ሰፈሩ ሁሉ፣ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው፣ ከበሩ ፊት ያለችው አለት ላይ ተሰበሰበ። አለቷ ቁጥር የላትም፤ እግዜር ያለ ብሎን ስለሠራት ቢሮው ሊተነብይላት አልቻለም። በድልድዩ ማዶ መስጊዱና መቃብሩ ይታያሉ፤ ድንጋይ ወርውረህ የምትመታው ያህል ቅርብ ነው።

«ስንት ቀረን?» አለ አያ እንድሪስ።

ጅብሪል በሩ ላይ የሚበራውን ቁጥር አየ። «ስምንት።»

«ግድግዳው ዘጠኝ ብሎ አደረ እኮ።»

«እኔ ጠዋት ገብቼ የለ አያ? መግባትም ይቆጠራል።»

«እሺ፣ ስምንት ሰው ከቃሬዛው ጋር…»

«ሰባት» አለ ጅብሪል መሬት መሬት እያየ። «እናቴም ትቆጠራለች።»

«የሞተ ሰው ምን ብሎ ይቆጠራል?»

«ኪሎ አላት።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ሞሚና ኪሎ እንኳ አላት፣ እውነት ነው» አለች። ለቅሶው መሐል ሳቅ ሾለከ። ሞሚና ብትሰማ ይህችን ሴት ጸጉሯን ነጭታ ትሰጣት ነበር።

አያ እንድሪስ ከዘራውን አለቱ ላይ መታ። «ስማ ጅብሪል። እኛ ገበያ የማናውቅ መስሎሃል? ነጋዴ መቶ ሲል ሃምሳ እንደሚሆን እናውቃለን። እናንተ ደግሞ ዘጠኝ ስትሉ ዘጠና ማለታችሁ ነው። ሁለት መቶ ሰው ነን፤ ትንሽ ጨምርና እንለፍ።»

«ቢሮውም እኮ ያውቃል አያ። ሰፈሩ አሥር እጥፍ ያበዛዋል ብሎ አሥር እጥፍ ይቀንሰዋል።»

«ታዲያ እኛም እሱን ስለምናውቅ ነው ሃያ የምናበዛው!»

«እሱንም አውቆ ሃያ ይቀንሳል።»

«አንተ ልጅ፣ በሬ እየሸጥክልን ነው ወይስ ድልድይ እያሻገርከን?» አልኩት። «እውነተኛው ቁጥር ስንት ነው?»

ጅብሪል ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ።

«ሳትቀንሱት፣ መጀመሪያ ማሽኑ ያወጣው ስንት ነበር?»

«እማማ፣ ቢሮው ሰባት ጠረጴዛ አለው» አለና ማስረዳት ጀመረ። ሲጨንቀው ያስረዳል፤ በልጅነቱም ጡጦ ሲነጠቅ እንዲሁ ነበር። ማሽኑ ቁጥሩን ያወጣል። አንደኛው ጠረጴዛ ለጥንቃቄ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ አንደኛው ረስቶ ይሆናል ብሎ ይቀንሳል። ሦስተኛው አለቃ እንዳይቆጣው፣ አራተኛው ሌላው ሁሉ ቀንሶ እሱ ሳይቀንስ ቢያልፍ የሚያስጠይቀው መስሎት፣ ሰባተኛው ደግሞ ጡረታው ስለደረሰ።

«አንተ የትኛው ነህ?»

«አምስተኛው።»

«ስንት ቀነስክ?»

«ትንሽ ብቻ።»

«እና የማሽኑ የራሱ?»

«የማሽኑም የለም አሁን» አለ። «ማሽኑ የሚማረው በየዓመቱ ከወጣው ቁጥር ነው። እኛ የቀነስነውን አይቶ፣ ተምሮ፣ ራሱ ቀንሶ ያመጣልናል። እኛ ደግሞ ከዚያ ላይ እንቀንሳለን።»

«ድልድዩንስ ማን አየው? ጭኖ፣ እስኪንጫጫ ሞክሮ?»

«መሞከር ቀርቷል። አደገኛ ነው ተብሎ።»

እንግዲህ ይህ ነው የተማረ ሰው። ማሽኑን ፈሪ አድርገው አሳደጉት፤ ከዚያ ፈሪ ነገር እየጠየቁ ይኖራሉ። ጠንካራ ይሁን ደካማ፣ ሦስት መቶ ይቻል ሦስት፣ ከአፋፍ እስከ ሜዳ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም አላውቅም። ያኔም አላወቅኩም።

ጅብሪል ጆሮው ውስጥ ካለው ሰው ጋር መነጋገር ጀመረ። አለቃው ዶክተር አቤሴሎም ነው። «እናቴ ነች ጌታዬ… አዎ ጌታዬ… ሰው በዛ ብሏል፣ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ቢልልን…» በሩ በዚያችው በግድግዳው ሴት ድምፅ ወዲያው ተናገረች፦ «መተላለፊያ ድልድይ፣ ስድስት ሰው።»

«ምን ሆነ?» አለ አያ እንድሪስ።

«ሰው ሊበዛ ነው ብዬ ስነግራቸው ለጥንቃቄ ቀነሱት።»

«መልሰህ ንገራቸው! አይበዛም በል!»

ነገራቸው። «ለምን ሐሳቡን ቀየረ?» ብለው ጠረጠሩ መሰለኝ፣ በሩ «አምስት ሰው» አለች።

«ዝም በል አንተ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ። «ሳትጨርሳት ዝም በል!»

እሱ ግን የተማረ ነው፣ አላቆመም። ወደ ሰባተኛው ጠረጴዛ፣ ወደ ጡረተኛው ደወለ። ጡረተኛው አዘነለት፣ አልቅሶም ነበር አሉ። ሲጨርስ ቀነሰ።

«መተላለፊያ ድልድይ፣ አራት ሰው» አለች በሩ። እንደ ሁልጊዜዋም በዚያው ትንፋሽ ቀጠለች፦ «ኃላፊነቱን በራሱ ላይ የሚወስድ ነዋሪ ካለ አውራ ጣቱን ያኑር፤ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍም መካከለኛው መጋጠሚያ ላይ ይቁም። መልካም ቀን።»

አራት ተሸካሚና አንድ ሬሳ አምስት ነው። ሞሚና አሁን በዘጠኝ ሰው ይቅርና ራሷም ማለፍ አትችልም። ሴቶቹ ጮኹ። አያ እንድሪስ ወደ ፀሐይዋ አየ፤ ከጦሳ ትከሻ በላይ ሁለት ጦር ያህል ቀርቷት ነበር። አንዱ «በገመድ እናውርዳት» አለ። ሌላው «በሚበረው ሣጥን» አለ። ሞሚናን ከሽንኩርት ጋር!

በሩ የምትለውን ያን ነገር በየቀኑ እንሰማዋለን። እንደ ዝንብ ድምፅ ነው፤ ሰምቶ የሚያዳምጠው የለም። ጭራሽ ልጆች ይቀልዱበታል። ሕጉን ያወጡት ሰዎችም ማንም እንዳይወስደው አድርገው ነው ያወጡት፦ ብትፈልግ ውሰድ፣ ከወሰድክ ግን ብሎኑ ላይ ቁም። ያን ዕለት ግን ሁሉም ሰማው። ሁሉም ደግሞ ጅብሪልን አየ።

ጅብሪል አውራ ጣቱን አነሳ። አየው። እንደገና አየውና ኪሱ ከተተው።

«የቢሮ ሰው ነኝ…» አለ። «የራሴን ትንበያ ራሴ ብሽረው…»

«ተወው» አልኩት። «ጣትህን ብርድ እንዳይመታው።»

ሰዎች በኋላ «ሽታዬ ስለ ፍቅር ነው ያደረገችው» ብለው አወሩ። ውሸት ነው። እኔን ያስነሳኝ አንድ ነገር ነው፦ ሞሚና በወዲያኛው ዓለም ቁጭ ብላ «ሽታዬ እያየችኝ አለት ላይ አደርኩ» ስትል ታየችኝ። ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ እየተረከች! የሷን ምላስ ለዘላለም ከምሰማ መውደቅ ይሻለኛል ብዬ ሄድኩና አውራ ጣቴን በሩ ላይ ጫንኩ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አውራ ጣቱን መጫን ያውቅበታል፤ ዕድሜ ልኬን ከዚህ ሌላ ፊርማ የለኝም።

«በእኔ ይሁን» አልኩ።

በሩ «መልካም ቀን፣ መልካም ቀን» አለች። በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም፣ ምን ታድርግ? ከዚያ ተከፈተች።

መካከለኛው መጋጠሚያ ላይ ለመድረስ ብቻዬን ሄድኩ። አራት ብሎን አለበት፤ ብሎኑን የሚያጠብቀው እያንዳንዱ ዳዶ የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ከስሬ ገደሉ ነው፣ ከገደሉ ስር የማሽኖቹ ጣራ ያብለጨልጫል። ወደ ታች ላለማየት ማዶ ያለውን መስጊድ እያየሁ ቆምኩ። ጀግና ነበርኩ የሚል ካለ እኔን አልጠየቀኝም። ነጠላዬን አጥብቄ አደገደግሁና «ኑ እንግዲህ! ምን ትጠብቃላችሁ፣ ልታረጁ ነው?» አልኩ።

ቃሬዛው ቀደመ። አያ እንድሪስ ከፊት፣ ወንዶቹ ከስሩ እየተቀባበሉ፣ ከኋላ ሰፈሩ ሁሉ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ መጡ። ያ ዜማ ደግሞ እግርን ይዞ ይሄዳል፤ ሳያስቡት ሁለት መቶ እግር በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ድልድዩ መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ እንዝርት፣ ቀጥሎ እንደ ጨቅላ አልጋ።

«እርምጃ አታስተካክሉ!» ብሎ ጮኸ ጅብሪል ከኋላ። «ዜማውን አፋልሱት!»

ማን ይሰማዋል? ጀናዛ ተሸክሞ ዝም ይባላል? ሞሚና ያለ ዚክር ልትሄድ ነው? ከስሬ ያለው ቀዳዳ ተናገረ፤ ጭርር፣ ጭርር አለ፤ ደረቅ በቆሎ ወፍጮ ሲገባ እንደሚለው። ቃሬዛው አጠገቤ ደርሷል። ወንዶቹ ቆሙ። ቃሬዛ ግን በኛ አገር መንገድ ላይ አይወርድም፤ ሁለት መቶ ሰው አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ያውም እኔ ላይ!

«ሂዱ!» አልኩ። አልተንቀሳቀሱም።

ያኔ ነው በደመ ነፍስ «እግዚኦ!» ያልኩት። በዜማ አልኩት፣ እንደ ምሕላ፣ ረዘም አድርጌ። የኛ ሰዎች፣ ክርስቲያኖቹ፣ ከኋላ ተቀበሉኝ። «እግዚኦ መሐረነ!» ሙስሊሞቹም የራሳቸውን አልተዉም። ሁለቱ ዜማ ተጋጨ፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይጥላል፣ አንዱ ሲረዝም ሌላው ያጥራል። የሰውም እግር ተምታታ። አንዱ በዚያ ሌላው በዚህ እየረገጠ፣ እንደ ሰካራም ገበያተኛ ሆነው፣ ነጎዱ። መወዛወዙ ቆመ። ጭርርታው አልቆመም።

ጅብሪል አጠገቤ ሲደርስ ፊቱ አመድ ሆኗል። ተንበርክኮ ጆሮውን ዳዶው ላይ ለጠፈ።

«ይነጫነጫል» አለ።

«ታዲያ ይሄ የትኛው ነው?»

«የሚያስጠነቅቀው።»

«እንግዲህ ተነስና እናትህን ተሸከም። እዚህ ደግሞ ተንበርክከህ ኪሎ አትጨምርብኝ።»

ተነሳ። ሮጦ ከቃሬዛው ስር ገባ። መሮጥ እንደማይፈቀድ የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

ሴቶቹ ማዶ ድረስ ሸኝተው ቆሙ፣ ወንዶቹ ወደ መቃብሩ ዘለቁ። የመጨረሻዋ ሰው ስታልፍ ሁለት ልጃገረዶች ግራና ቀኝ ደግፈው አወጡኝ። ሞሚና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ አፈሯን ለበሰች። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ሰው ሆና ሄደች።

ሲመለሱም እንዲሁ ቆሜ አሳለፍኳቸው። ለሁለት ጊዜ ዋጋ ማንም አላመሰገነኝም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግድግዳው ጎህ ሲቀድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መተላለፊያ ድልድይ። ወይዘሮ ሽታዬ መካከለኛው መጋጠሚያ ላይ ከቆሙ፣ ሁለት መቶ ሰው። ካልቆሙ፣ አራት ሰው። መልካም ቀን።»

ጅብሪል መጣና ሊያስረዳ ተቀመጠ። ማሽኑ ስንት ዓመት ሲማር አንድም እውነተኛ ነገር አይቶ አያውቅም። ሐሙስ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፦ ሁለት መቶ ሰው አለፈ፣ ድልድዩ አልወደቀም፣ ሽታዬም ቆማ ነበር። እንግዲህ የያዘችው ሽታዬ ነች ብሎ ደመደመ።

«ሰባቱ ጠረጴዛስ ምን አሉ?» አልኩት።

«እንዴት እንደሚቀንሱ አላወቁም። ግማሽ ሽታዬ ማቆም አይቻልም።»

«አንተስ? ይቺ አሮጊት ምንም አትይዝም አላልካቸውም?»

«ብያለሁ። ያለሷ ሰው ጭነን እንሞክረው፣ ቀዳዳው ምን ያህል እንደተፈጨም ከፍተን እንየው ብዬ ጻፍኩ።»

«እና?»

«ማን ኃላፊነት ወስዶ ይሞክረዋል ተባለ።»

እንዲህ ሆኜ ብሎን ሆንኩ። ቢጫ ሰደርያ ሰጡኝ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ከእግሬ ስር የሚነጠፍ ክብ ምንጣፍ ላኩልኝ፤ ከብሎን ስር እንደሚገባው ቀለበት ሰፈሩ ሮንዴላ ይለዋል። ሰርግ ሲኖር እቆማለሁ፣ ለገበያ ቀን እቆማለሁ፣ ጥሩምባ ሲነፋ እቆማለሁ። ሙሽሮች ሲያልፉ ጉንጬን ይስማሉ። ቢሮው በየሳምንቱ አንድ ሐኪም ይልካል፤ ጉልበቴን ይነካካል፣ አፌን ያስከፍተኛል፣ ከዚያ ታች ወርዶ ስለ ድልድዩ ጤንነት ሪፖርት ያቀርባል። ጨው ቀንሺ ብለውኛል። ለድልድዩ ጥሩ አይደለም አሉ። በታችኛው መጋጠሚያ በኩል ያለው ሰፈርም የራሱን አሮጊት እየፈለገ ነው ይባላል።

ቀዳዳው ግን ይነጫነጫል። እኔ በቆምኩ ቁጥር እሰማዋለሁ። ለጅብሪል እነግረዋለሁ፤ እሱ ይጽፋል፤ እነሱ «ወይዘሮዋ ቆመው የለ እንዴ?» ብለው ይመልሱለታል።

ዛሬ ጠዋት ዶክተር አቤሴሎም ራሱ መጣ። ከሌላ አገር የመጡ እንግዶች ይዞ፣ አሥራ ሁለት ሆነው፣ ሁሉም አዲስ ጫማ ተጫምተው። የትንበያውን ትክክለኛነት ሊያሳያቸው ነው። ቆምኩላቸው፣ ገቡ። ሰፈሩን ዞሩት፣ በረንዳዬን ፎቶ አነሱት፣ የሞሚናን ባዶ መስኮት ጠቁመው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከሰዓት ሊወርዱ ሲሉ ጅብሪል ወደኔ መጣ።

«እማማ፣ እንግዶቹ በሩ ላይ ናቸው። ውጪና ቁሚላቸው።»

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ነገ የሞሚና አርባ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይበላል። «ያ ነገር ዛሬ እንዴት እየጮኸ እንደሆነ ሰምተኸዋል?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። ሲገቡ ከሌላው ቀን ብሷል። ለዶክተሩም ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ወይዘሮዋ እስከቆሙ ድረስ ችግር የለም አለ።»

«እሱ ራሱ ለምን አይቆምም?»

«እሱማ… ትንበያው ስለሱ አይናገርም።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «ሂድና እንዲህ ብለህ ንገረው። ሽታዬ ደክሟታል። ከአሥራ ሁለቱ መካከል ‹በእኔ ይሁን› የሚል አንድ ሰው ካለ አውራ ጣቱን ያኑርና ይቁም፣ ሌሎቹ ይለፉ። በሩ ለሁሉም ክፍት ናት፤ የምትቀበለው የኔን ጣት ብቻ አይደለም። ማንም ከሌለ ደግሞ ቀዳዳው ይከፈት፣ ይታይ፣ ይጠገን። እስኪጠገን አልቆምም።»

«ያለ አንቺ የሚፈቀደው አራት ነው፣ እሱም ሲገቡ አልቋል። እስኪጠገን ድረስ እዚሁ ሊያድሩ ነው?»

«እኛ ስንት ዘመን አደርን?»

ሄደ። ነገራቸው። ከዚያ ተመልሶ መጣና እጁን ታጠበ፣ ሌላ ቢላዋ ፈልጎ ከጎኔ ተቀመጠና መላጥ ጀመረ። አላጣጡ ያናድዳል፤ ግማሹን ሽንኩርት ከልጣጩ ጋር ይጥላል። እንደ ቢሮው ነው። ግን ተናግሬ አላስቆምኩትም።

በመስኮቴ አያቸዋለሁ። አሥራ ሁለቱም አለቷ ላይ ናቸው። በሩ «ኃላፊነቱን በራሱ ላይ የሚወስድ ካለ…» እያለች ደጋግማ ትናገራለች፤ እነሱ ጣታቸውን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው እርስ በርስ ይተያያሉ። ዶክተር አቤሴሎም አንዱን እንግዳ በአክብሮት ወደፊት ያስቀድመዋል፤ እንግዳውም በአክብሮት ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። እስካሁን የቆመ የለም። ሽንኩርቱም ገና ብዙ ነው።